ባዶ ሆኜ አልወጣሁም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አራት ሰው ላከልኝ። አንዷ እህቴ ናት። ሁለቱ ከእኔ ጋር አንድ ማኅበር ውስጥ የነበሩ ልጆች ናቸው። አራተኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው። የት እንደነበርኩ ጭራሽ አያውቅም፤ «አሪፍ ነገር ነው፣ አንብቢው» ብሎ ነው የላከው። ጥብቅ ከሆነ የሃይማኖት ማኅበር ለወጡ ሰዎች የተጻፈ ምክር ነው። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ኖሬ ወጥቻለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ከፋኝ። በሦስተኛው ደብተር አወጣሁ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጸሐፊው ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ከማኅበር የወጣ ሰው ባዶ ወረቀት ነው፤ የነበረውን ሁሉ ጥሎ፣ ከተማም ቀይሮ፣ ማንም በማያውቀው ቦታ ከዜሮ ይጀምር። ሁለተኛ፣ በራስ መተማመን የሚፈልቀው ከውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ፣ ብቁ ነኝ» ማለት ይበቃል፤ የሰው አስተያየት መፈለግ የባርነት ርዝራዥ ነው። ሦስተኛ፣ ዓመት ሞልቶት አሁንም የሚፈራ፣ አሁንም ሌሊት የሚባንን ሰው እግሩ እንጂ ልቡ አልወጣም። አራተኛ፣ ቤተሰብ ደጅ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሚወድህ ራሱ ይመጣል። አምስተኛ፣ ያየኸውን በአደባባይ ካልተናገርክ ተባባሪ ነህ።

ክፉ ሰው የጻፈው አይደለም። ቋንቋው ሞቅ ያለ ነው፤ ለወጣ ሰው ያዝናል። ከሁለቱ ልጆች አንዷ «ካነበብኩት በኋላ ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ» ብላኛለች። እሰይ ብያለሁ። ሌላው ልጅ ግን «እኔ ገና አልወጣሁም ማለት ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ማኅበሩ የየትኛው እምነት እንደነበረ አልናገርም። ደብረ ብርሃን እንደ ድሮው ትንሽ ባትሆንም ወሬ ዛሬም ከባጃጅ ይፈጥናል። ደግሞም የምጽፈው ስለ እምነት አይደለም። ጫማ ለመግዛት ፈቃድ ስለሚጠየቅበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት በየትኛውም ሃይማኖት ጥላ ሥር ሊበቅል ይችላል። አጥብቆ የሚጸልይ፣ አጥብቆ የሚጾም ብዙ ሰው ደግሞ እንዲህ ባለ ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም። እናቴ አንዷ ናት።

ከሁለተኛው ነጥብ ልጀምር። ከጸሐፊው ጋር ከሥር የምንለያየው እዚያ ላይ ነው።

በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ሄድኩ። ጥቅምት ነበር። ከተማችን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሲወርድ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ሹራብ ያስፈልገኝ ነበር። ሻጩ ሁለት አነሳልኝ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ቀይ። «የቱን ልጠቅልልሽ እህቴ?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ከዚያ ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። ምን እንደፈለግኩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የምጠይቀው ሰው ነበር የፈለግኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከሳሙና ጀምሮ እስከ ሐኪም ቤት፣ ሰብሳቢዋን ሳልጠይቅ ያደረግኩት ነገር የለም። በዚያ ብርድ ጀርባዬን ላብ አሰመጠው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጨንቆኝ ሲያይ «ቀዩ ያምርብሻል» አለ። እኔ ግን «እመለሳለሁ» ብዬ ሸሸሁ። ሹራብ ሳልገዛ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ቤቴ ገባሁ።

ያን ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ነበር። «እችላለሁ» ብያለሁ። ይህ ጽሑፍ ያኔ አልነበረም፤ ምክሩ ግን ድሮም አለ፤ አነቃቂ ተናጋሪዎች ሲሉት ሰምቼ ነው። መስታወት ውስጥ ያለችው ሴት አላመነችኝም። «እችላለሁ» ስላት «ምኑን?» የምትለኝ ይመስለኝ ነበር።

ይህ የእኔ አመል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ካናዳ ውስጥ ጆአን ውድ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ነገሩን ፈትናዋለች። ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው እንዲደጋግሙ ተደረገ። ድሮውንም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን እንዲያውም ባሰባቸው። መድኃኒቱ የሠራው ላልታመመው ነው ማለት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ አልበርት ባንዱራ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ «እችላለሁ የሚል እምነት ከየት ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ አንስቶ አራት ምንጭ ቆጥሯል። ራስ ሠርቶ ማየት፣ ቢጤን ሲሠራ ማየት፣ የሰው ማበረታቻ፣ የገዛ ሰውነት ስሜት። ከአራቱ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ቃል ቶሎ ይተንናል። ሠርተህ ያየኸው ነገር ግን አብሮህ ያድራል።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሰውየው ተመለስኩ። ቀዩን ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስለብሰው ቀይ ቀለም እንደማልወድ ታወቀኝ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ተሳሳትኩ። ግን ማንም አልተቆጣኝም፤ ሰማዩም አልወደቀም። ያ ሹራብ ዛሬም አለ፤ ልብስ ሳጥብ እለብሰዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ደብተር ላይ «ዛሬ ምን ወሰንኩ?» ብዬ መጻፍ ያዝኩ። አሁን ሳነበው ያሳቀኛል። «ከሽሮ ምስር መረጥኩ።» «የእህቴን ስልክ አላነሳሁም፤ ደክሞኝ ነበር።» «ባጃጁ ውስጥ ከፊት ተቀመጥኩ።» የእኔ በራስ መተማመን የተሠራው በእንዲህ ያለ ተራ ነገር ነው።

«የሰው አስተያየት መፈለግ ባርነት ነው» የሚለውስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊሉን አግኝቷል። በሁሉ ነገር ሰው መጠየቅ በሽታ ነው፤ እኔ ታምሜበታለሁ። ግን መድኃኒቱ ሰው አለመፈለግ አይደለም። ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያደረገውን ሙከራ ብዙ ሰው ሰምቷል። ከተደረደሩት መስመሮች ከአንድ መስመር ጋር እኩል የሆነው የቱ እንደሆነ መናገር ነው። ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ሆን ብለው አጭሩን መስመር «ይህ እኩል ነው» ሲሉ፣ ምንም የማያውቀው ተፈታኝ ከሦስት መልስ አንዱን ያህል ከእነሱ ጋር ይስታል። ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጣዩን ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ተፈታኙም በአብዛኛው ዓይኑን ያምናል። ነፃ ያወጣው ብቻውን መሆኑ አይደለም። አንድ ሰው አብሮት መሆኑ ነው።

እኛ ቤት አንዲት ልጅ ትኩሳት ይዟት ለአራት ቀን ተኝታ ነበር። ሐኪም ቤት መሄድ «የእምነት ጉድለት» ነው ተብሏል። ሁላችንም ከበናት ቆመን እያለ፣ ወጥ የምትሠራዋ ሴት ከበሩ ላይ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ሐኪም ቢያያት ምናለ?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ወዲያው ገሠጿት። እኔ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር ለአንድ ዓመት ከአምስት ወር ይዣት ዞርኩ። በመጨረሻ ያስወጣችኝ እሷ ናት። ልጅቷ ደግሞ ተረፈች፤ ወንድሟ መጥቶ በጉልበት ወስዷት።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልመለስ፤ ባዶ ወረቀት ወደሚለው።

ስልክ ቁጥር መቀየር ልክ ነው። እኔም ቀይሬያለሁ። በቀን አሥር ጊዜ «ለነፍስሽ አዝነን ነው» እየተባለ ሲደወል ማሰብ አይቻልም። የሚያስፈራራና የሚከታተል ካለ ከተማ መቀየርም ብልህነት ነው። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

«ባዶ» የሚለው ቃል ላይ ግን እንለያያለን። ማኅበሩ ውስጥ ስገባም የተባልኩት ይህንኑ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት «የድሮ ማንነትሽን አውልቂ» ነው። ፎቶዎቼን ሰበሰቡ፤ የምረቃዬን፣ የእህቴን ሠርግ። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ተነስቶ ስምንቱን ዓመት አውልቂ ይለኛል። ሽንኩርት ነኝ እንዴ፣ መጥቶ የሚልጠኝ?

እዚያ የሠራሁት ሁሉ የእነሱ አይደለም። የቤቱን ወጪ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ሰው የሚበላውን ጤፍና ገብስ፣ ዘይቱን፣ ማገዶውን ከወር ወር አብቃቅቼ፣ አንድ ብር ሳይጎድል ሒሳብ እዘጋ ነበር። ከወጣሁ በኋላ የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ወለደችና ሰው ተፈለገ። «ቁጥር የሚችል ማን አለ?» ሲባል እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። ዛሬ ሦስተኛውን ዙር ይዣለሁ። ጎረቤቴ እማማ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ይቺ ልጅ እጇ ንጹሕ ነው» ይላሉ። ይህን ሙያ የተማርኩት እዚያው ቤት ነው። ከቤቱ ጋር ላቃጥለው?

ሔለን ሮዝ ኢቦ የምትባል አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ አለች። ራሷ መነኩሲት ነበረችና ወጥታለች። አንድ የሕይወት ስፍራ ትተው የወጡ 185 ሰዎችን አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ1988 አሳተመች። የቀድሞ መነኮሳት፣ የቀድሞ ሐኪሞች፣ የቀድሞ እስረኞች፣ የተፋቱ ሰዎች አሉበት። ካገኘችው አንዱ፣ «የቀድሞ» መሆን ራሱ አንድ ማንነት ነው የሚል ነው። የወጣ ሰው የተወውን ነገር አብሮት ይዞ ነው አዲሱን የሚሠራው። የቀድሞ ሐኪም ሐኪም ሆኖ እንደማያውቅ ሰው አይደለም።

አሜሪካ ድረስ መሄድም አያሻም፤ መንዝ ይበቃል። የጓሳን ሣር የሚያውቅ ያውቀዋል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል። አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መሬቱን ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቀውታል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ ይከፈትና ሁሉም በደንቡ ያጭዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ምን አደረገ? ከሌላ አገር ደንብ አላመጣም። የድሮውንም እንዳለ አልመለሰም፤ ምክንያቱም ድሮ መብቱ የአቅኚ አባቶች ዘር ብቻ ነበር። ሽማግሌዎች ከሚያስታውሱት ውስጥ ለመሬቱ የሚበጀውን ያዙ፣ ሌላውንም ነዋሪ አስገቡ፣ አዲስ መተዳደሪያ ጻፉ። ዛሬ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የምናየው በዚህ ነው። ጓሳን «ባዶ መሬት ነው፣ ከዜሮ እንጀምር» ያለው ቢገኝ ኖሮ አርሶት ነበር።

ከተማ መቀየሩንስ? ከእኛ ቤት የወጡ ሁለት ሴቶች አዲስ አበባ ገብተዋል። አንዷ ተሳክቶላታል፤ አክስቷ ነበረች የተቀበለቻት። ሌላዋ በጽሑፉ እንደተባለው ማንም የማያውቃት ሰፈር ገባች። ማንም ስለማያውቃት «እንዴት አደርሽ» የሚላት አልነበረም። በሰባተኛው ወር አንዲት ሴት «እንዴት አደርሽ» አለቻት። ሴትየዋ የሌላ ማኅበር ሰው ነበረች። አሁን እዚያ ናት።

ሦስተኛው ነጥብ ነው ያናደደኝ። ይቅርታ፣ ያሳዘነኝ ልበል።

ማኅበራችን ውስጥ አንድ ሰው ጸሎቱ ካልተሰማ «ከልብህ ስላላመንክ ነው» ይባላል። ከታመመም ስላላመነ ነው። ከተጠራጠረም ስላላመነ ነው። ጥፋቱ ምንጊዜም የሰውየው ነው፤ ትምህርቱ መቼም አይሳሳትም። አሁን ጸሐፊውን አንብቡት። ዓመት ሞልቶህ ከፈራህ ከልብህ ስላልወጣህ ነው። ቃሉ ተገልብጧል፣ ቁልፉ ግን ያው ነው። ያ ልጅ «ገና አልወጣሁም ማለት ነው» ብሎ የጻፈልኝ ይህን ጨዋታ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው ነው። ጥፋተኛ ሲባል ቶሎ ያምናል።

እኔ ከወጣሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ዛሬም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ይገለጣል፤ የቤቱ ደወል የሚመታበት ሰዓት ነበር። ልቤ ይደልቃል። ከዚያ ጣሪያዬን አያለሁ፣ የራሴ ጣሪያ ነው፣ ገልበጥ ብዬ እተኛለሁ። እግሬ ወጥቷል፣ ልቤ ወጥቷል፤ ሰውነቴ ሰዓቱን አልረሳም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አይደል የሚባለው?

ደግሞ አንድ ዓመት የሚለውን ልክ ማን ሰጠው? እኛ አገር ለሞተ ሰው አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ መንፈቅ አለ፣ ሙት ዓመት አለ፣ ሰባት ዓመት አለ። የቀደሙት ሰዎች ሐዘን በአንድ ዓመት እንደማያልቅ አውቀው ነው ቀኑን የደረደሩት። ከማኅበር የወጣ ሰው ደግሞ አንድ ሰው አይደለም ያጣው። ጓደኞቹን በአንድ ቀን አጥቷል፣ መዝሙሩን፣ ከሞት በኋላ ምን እንደሚሆን እርግጠኛ የነበረበትን ነገር አጥቷል። ድንኳን ግን አይተከልለትም። ማንም ንፍሮ ይዞ አይመጣም። እንዲያውም «እንኳን ተገላገልክ» ነው የሚባለው።

እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካልወረደ፣ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። «አማኑኤል ልውሰድሽ ወይ?» የሚባለው ቀልድ ብዙ ሰው አስቀርቷል። እኔ ስድስት ወር ያህል የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ተመላልሻለሁ። ሐኪም ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀመጥ «ፈቃድ ሳልጠይቅ ነው የመጣሁት» ብያት ስቃለች፤ እኔም ሳቅሁ።

አራተኛው ነጥብ የቤተሰብ ነገር ነው። ጸሐፊው የተናገረው እውነት ያለባቸው ቤቶች አሉ። በዱላ ያሳደገ አባት፣ ልጁን ራሱ ወስዶ ማኅበር ያስረከበ ቤተሰብ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ደጅ ይቅርታ ጠያቂ ሆኖ መቆም የለበትም። አልከራከርም።

የእኔ ግን ሌላ ነው። አባቴ ሲሞት ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። መልእክቱ ደርሶኛል። ሰብሳቢዋ «ሙታን ሙታናቸውን ይቅበሩ» አለችኝ፤ እኔም ቀረሁ። መንዝ ውስጥ የአባት ቀብር መቅረት ምን እንደሆነ ለአገሩ ሰው አልነግርም። እናቴ ስድሳውን አልፋለች። የምኖርበትን ቤት አታውቅም፤ ስልክ የላትም። «የሚወድህ ራሱ ይመጣል» የሚለው ምክር ለእሷ ምን ማለት ነው? በየትኛው አውቶቡስ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ብቀመጥ ኖሮ እስካሁን ተቀምጬ ነበር።

በወጣሁ በአምስተኛው ወር ሄድኩ። መሐል ሜዳ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሬ። እናቴ ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ የበግ ጠጉር እየፈተለች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። እንዝርቷ ቆመ። ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልወጣ አለኝ። እሷ ምድጃውን አየችና «እሳቱን ቆስቁሺው፣ ሊጠፋ ነው» አለች።

ቆሰቆስኩት። እፍ ስል ጭሱ ዓይኔ ገባ። እንባዬን ጭስ ነው ያልኩት፤ እሷም ጭስ ነው ብላ ተወችው። ማታ ባናዋን ከእግሬ ላይ ደርባልኝ እስኪነጋ ሳልነቃ ተኛሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንኳ አልነቃሁም።

በነጋታው «ነይ ተነሽ፣ ለቅሶ እንድረስ» አለችኝ። የማን ለቅሶ? የስምንት ዓመቱ። አሥራ አንድ ቤት ነበር። አንዳንዱ ሟች ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በየበሩ እንገባለን፣ አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ያጽናችሁ» እላለሁ። ይነጫነጩብኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ አዛውንት ብቻ «የአባትሽ ጊዜ የት ነበርሽ?» አሉኝ። «ጠፍቼ ነበር አባባ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እህ፣ ተገኘሽ» ብለው ጠላ አስቀዱልኝ። በሌላው ቤት ደግሞ ሠርጓ ያመለጠኝ አብሮ አደጌ አራት ልጅ ወልዳ አገኘኋት። ለመጀመሪያዋ ልጅ እንኳን ማርያም ማረችሽ ስላት ልጅቷ ከፍየል ጥበቃ ገባች።

ከአሥራ አንዱ ቤት ስወጣ የሆነ ነገር ተለውጦ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ «የእነ እገሌ ልጅ አይደለሽም?» ይላል፤ «ነኝ» እላለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ «ማን ነሽ?» ስባል የተማርኩትን መልስ ነበር የምመልሰው። ይሄኛው አፌ ላይ የነበረ ነው። ጸሐፊው ማንነት ማንም በማያውቅህ ቦታ ይሠራል ይላል። የእኔ ግማሹ እነዚያ ሰዎች ጋ ተቀምጦ ነበር፤ ሄጄ ተረከብኩ።

አምስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ወንጀል ያየ ሰው ለሕግ መናገር አለበት። ልጅ ከተደበደበ፣ በሽተኛ ሕክምና ከተከለከለ፣ ንብረት ከተወሰደ፣ ነገሩ የፖሊስ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ማንም ሰው የፈለገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል ወይም በሌላ መንገድ ሊገደድ እንደማይችል ይደነግጋል፤ መውጣትም እዚያ ውስጥ ያለ ነው። ግን በወጣ በወሩ፣ ቁስሉ ሳይጠግ፣ ካሜራ ፊት ያልተቀመጠ ሰው ሁሉ «ተባባሪ» ነው ማለት ግፍ ነው። የተናገርከው እዚያው ይቀራል። እኅቶችህ ገና ውስጥ ናቸው። ስማቸው ከስምህ ጋር ይጠራል።

የአደባባይ ውግዘት ደግሞ እኛ ከተማ አዲስ አይደለም። ደብረ ብርሃን የተባለችበት ታሪክ ራሱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የአባ እስጢፋኖስን ተከታይ መነኮሳት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ እዚሁ አደባባይ ላይ አስቀጡ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብርሃን ታየና ከተማዋ በዚያ ተሰየመች ይላል ዜና መዋዕሉ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ለሊቃውንት እተዋለሁ። የማየው ግን ውግዘቱና ቅጣቱ ማኅበሩን እንዳልበተነው ነው። ትግራይ ውስጥ ጉንዳ ጉንዶ ላይ ገዳማቸውን ይዘው ቆዩ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር አንድ የሆኑት ከዚያ ዘመን በኋላ በዕርቅ ነው። ከእኛ ቤትም ሰው ያወጣው በራዲዮ የተነበበ ክስ አልነበረም። ከወጥ ቤት በር ላይ የተባለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

ለዚያ ልጅ ይህን ሁሉ አልጻፍኩለትም። «ዛሬ ምን ወሰንክ?» ብቻ አልኩት። ማታ መለሰልኝ። «ቅዳሜ ጫማ ልገዛ ነው። አብረሽኝ ነይ፣ የቱ እንደሚሻል ትነግሪኛለሽ።» እመጣለሁ አልኩት። ሱቁ ውስጥ ግን አልገባም፤ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሻይ አዝዤ እጠብቅሃለሁ።